የባቲ ቅኝትና ነጐድጓዱ ጊታር

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ይህን የሚሉት ስለ አንድ ሰው የሚወራው ነገር አገር ምድሩን ካዳረሰ በኋላ ለራሱ ለባለቤቱ መጨረሻ ላይ ስለሚደርሰው ነው። እኛ ግን ምሳሌውን ዛሬ ወስደን ለሙዚቃ ብንጠቅሰው አበው የሚቀየሙን አይመስለንም። በሙዚቃም ረገድ የሰው ጆሮ የራሱን ነገር እንደ ባዳ አድርጎ የሚሰማበት ጊዜ አያሌ ነውና።

ለምሳሌ ያህል የባቲን ነገር እንውሰድ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት አፋፍ ላይ የተቆረቆረች፣ ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ ዝናው የታወቀ ሲሆን፣ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ግመሉንና ከብቱን፣ ጨውንና እህሉን ይዞ ይገናኝበታል። የከተማዪቱ ስም ግን ከገበያዋ አልፎ የሄደበት ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ሙዚቃ ነው። የአገራችን ዓለማዊ ዜማ የሚመሠረትባቸው አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከአራቱ መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎን ምድር ስም የያዙ ናቸው።

ታዲያ በዚሁ አገር ውስጥ ዛሬ በየቤቱ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። ተማሪው በስልኩ የሮክ ሙዚቃ ይከፍታል። ጊታሩ ያገሳል፤ ከበሮው ይንጎደጎዳል፤ ዘፋኙም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። አባት «ልጄ፣ ይህ የፈረንጅ ጩኸት ምንህ ነው?» ሲሉ፣ ልጅ ደግሞ «አባባ፣ ክራርና ማሲንቆ እኮ ያለፈበት ነገር ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም፣ አባትም ልጅም፣ ሳያውቁት እንደ ተሳሳቱ ለማሳየት የተሰናዳ ነው። ነገሩን ለማስረዳት አስቀድመን ወደ እንግሊዝ አገርና ወደ መስኮብ ማለት ወደ ሩሲያ ወጣ ብለን፣ ከዚያም በአዲስ አበባ በኩል ወደ ባቲ እንመለሳለን።

ከብረታ ብረት ፋብሪካ የወጣ ድምፅ

«ሄቪ ሜታል» ወይም ከባድ ብረት የሚል ስም የተሰጠው ሙዚቃ ከተወለደባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ በርሚንግሃም የተባለችው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ቶኒ አዮሚ የሚባል ወጣት የብረት ሠሌዳ በሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በሥራው የመጨረሻ ቀን መኪናው የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ወጣቱ ጊታር የሚጫወተው በግራ እጁ እየመታ ስለ ነበር፣ የተቆረጡት ክሮቹን የሚጫንባቸው ጣቶች ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ሰቅሎ ይተክዝ ነበር። እርሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ፣ ቆዳም ለብጦበት፣ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው። ክሩ ሲወጠር ጣቱን ስለሚያመውም ቀጫጭን ክር መረጠ፤ ከጊዜ በኋላም ክሮቹን አላልቶ ማስተካከል ጀመረ። የላላ ክር ድምፁ ወፍራምና ጨለም ያለ ነው። «ብላክ ሳባዝ» የተባለው የሙዚቃ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው በመጀመሪያው ሸክላ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ከድንጋጤው በስተኋላ ይህ የአንድ ሠራተኛ የቆሰለ እጅ ነበረበት።

የዚህን ሙዚቃ መሠረታዊ ብልሃት ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የድምፅ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲታዘዝ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፍ ይቆርጠዋል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድም ጥራቱን አጥቶ ሻካራና አጓሪ ይሆናል። የሬዲዮ ሠራተኛ ይህን ብልሽት ይለዋል፤ የሮክ ጊታረኛ ግን ሆን ብሎ ይፈልገዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ሻካራ ድምፅ ላይ ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ ቢመቱበት ሁሉም ይደባለቅና ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ጊታረኞቹ ሁለት ድምፆችን ብቻ፣ ለምሳሌ ዶንና ሶልን፣ አጣምረው መምታትን ለመዱ። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ከብላክ ሳባዝ በኋላ የተነሡት ጓዶች አንዱ ከሌላው ይበልጥ ለመፍጠንና ለመጮኽ ተሽቀዳደሙ። እ.ኤ.አ. በ1982 «ቬኖም» የተባለው የእንግሊዝ ጓድ «ብላክ ሜታል» የሚል ሸክላ አወጣ፤ የሸክላውም ስም የአንድ የሙዚቃ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ይህ ጥቁር ብረት የተባለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. ከ1990 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በኖርዌይ አገር ሲስፋፋ ክፉ ነገር አስከትሏል። ከደጋፊዎቹና ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ከእንጨት የተሠሩ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትን በእሳት አቃጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ አንዱ ሙዚቀኛ ሌላውን ገድሎ ወህኒ ወርዷል። ይህን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። የሆነ ሆኖ የጥፋቱ ባለቤቶች ሰዎቹ እንጂ የጊታሩ ክሮች አይደሉም።

በዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በአገራችን «በገና የእግዚአብሔር ነው፤ ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ ነው» የሚል አባባል ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። አዝማሪውም ቢሆን በሠርጉ ቀን ተፈልጎ በማግሥቱ የሚናቅ ሰው ነበር። ዛሬ የባህላችን ጌጥ ነው ብለን የምናሳየው ክራር ያን ስም ተሸክሞ የኖረ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ አዲስ መሣሪያ ባየ ቁጥር ሰይጣንን ለመጥራት አይቸኩልም።

የመስኮቦቹ መንገድ

ይህ ከባድ ሙዚቃ አገር ለአገር ሲዞር ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ ሩሲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 «አርኮና» የሚባል ጓድ በሞስኮ አካባቢ ተቋቋመ። መሪውና ዘፋኙ ማሪያ አርኺፖቫ የምትባል ሴት ናት። ስሙን የወሰዱት በባልቲክ ባሕር በሩገን ደሴት ላይ ከነበረችው የጥንት ስላቮች ምሽግ ነው፤ ምሽጊቱን ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1168 ይዘው በውስጧ የነበረውን ቤተ ጣዖት አፍርሰውታል።

የአርኮና ጊታርና ከበሮ ከኖርዌዩና ከእንግሊዙ እምብዛም አይለይም። ዘፋኟም አንድ ጊዜ እንደ አውሬ አግስታ ወዲያው እንደ ገጠር ልጃገረድ በጠራ ድምፅ ታዜማለች። ልዩነቱ ያለው በይዘቱ ላይ ነው። ግጥሙ በሩሲያ ቋንቋ ነው፤ ዜማው የገጠሩን የሕዝብ ዘፈን መንገድ ይከተላል፤ ከጊታሩ ጎንም የአገራቸው የቆዳ ዋሽንትና ልዩ ልዩ የትንፋሽ መሣሪያ ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት «ስሎቮ» ማለት «ቃል» የተባለው ሥራቸው ይህን መንገድ በሰፊው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት «ኽራም» ማለት «ቤተ መቅደስ» የተባለው ደግሞ ወደ ጥቁር ብረቱ ይበልጥ የተጠጋና ጨለማ የበዛበት ነው። ቋንቋውን የማያውቅ የጀርመንና የአሜሪካ ወጣት ሳይቀር ተሰልፎ የሰማቸው፣ የሌላውን አገር ጩኸት ስለ ደገሙ ሳይሆን የራሳቸውን ዜማ በዚያ ጩኸት ስላሰሙት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ አውሮጳ የጥንቱን የራሳችንን እንዘምራለን ብለው ተነሥተው፣ የራስን ከመውደድ ሌላውን ወደ መጥላት የተሻገሩ የዚህ ሙዚቃ ጓዶች ታይተዋል። የራስን ዜማ መፈለግ መልካም ነው፤ ዜማን አጥር ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከንጉሡ ስጦታ እስከ ሆቴሉ አዳራሽ

መስኮብን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ የዘመናዊው ሙዚቃ ታሪክ የሚጀመረው ከዚያው አገር በመጣ ስጦታ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒቆላዎስ 2ኛ ለዳግማዊ ምኒልክ 40 የሚያህሉ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ላኩ። እንቢልታና መለከት የለመደው ጆሮ ትሮምፔትና ትሮምቦን ሲሰማ እንግዳ እንደ ሆነበት አያጠራጥርም።

እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የሙዚቃ ጓድ አይተው 40 ያህሉን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህ «አርባ ልጆች» የተባሉት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ከጠላት ወረራ በኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች ተደራጁ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የራሱን ኦርኬስትራ አቆመ። የእንግዳው ነሐስ ድምፅ በሁለት ትውልድ ውስጥ የትዝታና የአምባሰል ድምፅ ሆነ። ዛሬ በዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ሳክስፎን ሲሰማ «ይህ የፈረንጅ ነው» የሚል ሰው አለን? የለም።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ጊታር ተራ መጣ። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ከወታደር ቤት ውጭ የተቋቋሙ ጓዶች ተነሡ። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ን የተጫወተው ከዚሁ ጓድ ጋር ነው። ጓዱ በኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር ሆነው፣ ለአያሌ ድምፃውያን ካሴት ሠርተዋል። ዋልያስ ባንድ ደግሞ በሂልተን ሆቴል ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ አምሽቶ መውጣት የማይቻል ስለ ሆነ፣ ታዳሚውም ሙዚቀኛውም ከአዳራሹ ሳይወጣ ሌሊቱን ያነጋ ነበር። ከዋልያስ አባሎች አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በአገር ቤትም ጊዜው እየገፋ ሲሄድ የሙሉ ጓድ ቦታ በአንድ ኪቦርድ እየተያዘ መጣ። አንድ ሰው ከነመሣሪያው በታክሲ የሚሄድ ከሆነ፣ ለስምንት ሰው ማን ይከፍላል?

ጃኖ

እንግዲህ ጃኖ ባንድ የተነሣው ይህ የኪቦርድ ዘመን ገና ሳያልፍ ነው። ስሙ የተወሰደው መኳንንቱ ይለብሱት ከነበረው ቀይ ጥለት ካለው የአገር ልብስ ነው። ልብሱ የአባት፣ ጊታሩ የልጅ ሆኖ ሁለቱ በአንድ መድረክ ቆሙ። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለ ጻድቅና ሄዋን ገብረ ወልድ በድምፅ፣ ሚካኤል ኃይሉ በመሪ ጊታር ሆነው ተሰለፉ። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ በአንድ ጓድ ፊት እኩል መቆማቸው ራሱ ያልተለመደ ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። ኤርታሌ በአፋር ምድር የሚገኝ ዘወትር የሚንተከተክ እሳተ ገሞራ ስለ ሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝ አይችልም። ያዘጋጀው ቢል ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 «ሞተርሄድ» ለተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ከባድ ሙዚቃ ጓድ ሸክላ ያዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን አልበም ያዘጋጀ ነው። እንግዲህ አንድ እጁ በእንግሊዙ ነጐድጓድ፣ አንድ እጁ በኢትዮጵያው ዜማ ላይ የነበረ ሰው ሁለቱን በጃኖ ላይ አገናኛቸው ማለት ነው። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል።

በጃኖ ሥራ ውስጥ ጊታሩ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል፤ ግጥሙ ግን አማርኛ ነው፤ ዜማውም በአምስት ድምፅ በተሠራው ቅኝት ላይ ይመላለሳል፤ እስክስታ የለመደ ትከሻም በከበሮው ውስጥ የራሱን ምት ያገኛል። እርግጥ ጓዱ እንደ አርኮና ጥቁር ብረት የሚባለውን ዓይነት አይጫወትም፤ ሮክ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው መንገዱ ነው። ድምፁን ከባዳ ወስደው ነገሩን ከቤት አመጡ። አንዳንድ ሰው ረጅሙን ጸጉርና የቆዳ ልብሱን አይቶ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» ማለቱ አልቀረም። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ዓይንን ትቶ ጆሮን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ባቲ የምንመለሰውም ስለዚህ ነው።

ምስጢሩ በአምስቱ ድምፆች ላይ ነው

ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው የአውሮጳው መሰላል ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የሚባሉ ሰባት ድምፆች አሉት። የእኛ ቅኝቶች ግን አምስት አምስት ድምፆችን ብቻ መርጠው ይይዛሉ። የሙዚቃ መምህራን ባቲን በሁለት መልክ ይጽፉታል። አንደኛው ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ባቲ ሜጀር ይባላል። በዚህ ቅኝት ከዶ እስከ ሚ ሰፊ ዝላይ፣ ከሚ እስከ ፋ ጠባብ እርምጃ፣ ከሶል እስከ ሲ እንደገና ሰፊ ዝላይ አለ። ባቲ ልብን የሚያነሣና የሚጥል የሚመስለው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው መልክ ሚና ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ የሚገኘው ነው፤ ባቲ ማይነር ይሉታል።

አሁን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ከዚህ ላይ ነው። በለንደንም ሆነ በኒው ዮርክ፣ በሞስኮም ሆነ በናይሮቢ፣ አንድ ወጣት የሮክ ጊታር ልማር ብሎ ሲነሣ አስተማሪው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው «ማይነር ፔንታቶኒክ» የተባለውን ባለአምስት ድምፅ መሰላል ነው። የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ በእርሱ ላይ ይመላለሳል፤ ሮክ ከብሉዝ ወረሰው፤ ከባዱ ሙዚቃም ከሮክ። ድምፆቹም ዶ፣ ግማሽ የወረደው ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ የወረደው ሲ ናቸው። ይህ አንድም ሳይጎድል ባቲ ማይነር የተባለው ራሱ ነው።

በቃል የማያምን ሰው በእጁ ሊፈትነው ይችላል። ኪቦርድ ያለበት ትምህርት ቤት ወይም በስልክ ላይ ያለ የፒያኖ ጨዋታ ይበቃል። ከጥቁሮቹ ቁልፎች ሌላ እንዳይነኩ። ጥቁሮቹ አንድ ጊዜ ሁለት፣ አንድ ጊዜ ሦስት እየሆኑ ተሰድረዋል። ከሁለቱ ጥንድ የቀኙን እንደ መነሻ ይዘው ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ወደ ላይ ቢወጡ፣ የሮክ ጊታረኛው መሰላል፣ ማለት ባቲ ማይነር፣ ይሰማዎታል። ከሦስቱ የግራ ጫፉን መነሻ ቢያደርጉ ደግሞ በእነዚያው ቁልፎች ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ማሽን ሳይቀየር፣ መነሻው ብቻ ተቀይሮ፣ አገሩ ይቀየራል።

በዚህ አያበቃም። ብላክ ሳባዝ ስሙን በሰጠው በመጀመሪያው ዘፈኑ ሰውን ያስደነገጠው በሦስት ሙሉ ድምፅ ርቀት ባለ ዝላይ ነው። ይህን ርቀት የአውሮጳ የሙዚቃ ሊቃውንት «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» ብለው ይጠሩት ነበር። ይኸው ርቀት ግን በእኛ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ፣ ከዶ እስከ ግማሽ የወረደው ሶል፣ ቁጭ ብሎ ይገኛል። አንቺ ሆዬ ደግሞ የሠርግ ዜማ የሚዜምበት ቅኝት ነው። ፈረንጁ ዲያብሎስ ያለውን ርቀት እናቶቻችን እልል ብለው ሙሽራ ይሸኙበታል!

ቀደም ሲል በልብ እንዲያዝ አደራ ያልነው የዶና የሶል ጥምርም እዚህ ላይ ይጠቅማል። የእኛ ዜማ በጥንት ልማዱ አንድ መስመር ይዞ የሚሄድ እንጂ ብዙ ድምፅ የሚደራረብበት አይደለም። ስለዚህ ሙሉውን የአውሮጳ ድርድር ሲጭኑበት አንዳንዴ ይጨነቃል። ከባዱ ጊታር የሚመታው ዶንና ሶልን ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱ ድምፆች ከአንቺ ሆዬ በቀር በሦስቱ ቅኝቶች ውስጥ አሉ፤ ዜማው ከላይ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ሻካራውም ድምፅ ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባለ አሥር አውታሩ በገና ያንን የሚያንዘረዝር ድምፁን የሚያገኘው ከአውታሩ ሥር በምትገባ ቁራጭ ቆዳ ነው። አባቶቻችን የጠራውን ድምፅ ሆን ብለው ሲያሻክሩ የኖሩት የኤሌክትሪክ ማጉያ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የዘፋኙን ጩኸት በተመለከተ ደግሞ ሽለላና ፉከራ የሰማ ሰው ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

እንግዲህ አባት «የፈረንጅ ጩኸት» ያሉት ነገር፣ ጩኸቱ የፈረንጅ ቢሆን ድምፆቹ የባቲ ናቸው። ልጅ «ያለፈበት» ያለው ክራር ደግሞ የሚወደው ጊታር የሚናገረውን ቃል አስቀድሞ የሚያውቅ ነው። ይህ ማለት ሮክ ከባቲ ተወለደ ማለት አይደለም። ብሉዝና ባቲ እየራሳቸው አድገው ከአንድ ቦታ ላይ የተገናኙ ናቸው። የሁለቱ አካሄድም አንድ አይደለም። የአዝማሪው ዜማ የሚነሣበት፣ የሚያርፍበትና የሚንቀጠቀጥበት ቦታ የራሱ ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ቋንቋው ሁለት እንደ ሆነ መቁጠር ነው።

የሚያሳስበው ነገር

ታዲያ ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ከሆነ የሚያሳስበው ምንድን ነው? የሚያሳስበው ፊደሉ ሲቀር ቋንቋው የሚጠፋ መሆኑ ነው። ከላይ ባቲን በዶና በሚ የጻፍነው ለማስረዳት ያህል ነው። የክራር ደርዳሪ ግን ክሩን የሚያስተካክለው በጆሮው ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመዛወር ሲፈልግ ክሮቹን እንደገና ይቀኛል፤ «ቅኝት» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ነው። በእርሱ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚ ከኪቦርዱ ሚ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጣዕሙም ያለው በዚያች ጥቂት ነገር ላይ ነው። ኪቦርድ ግን አሥራ ሁለቱን ድምፆች በእኩል ርቀት ከፋፍሎ ከፋብሪካ ቆልፎ ያመጣቸዋል። አንድ ትውልድ ባቲን የሚያውቀው ከኪቦርድ ብቻ ከሆነ፣ ስሙ ባቲ ተብሎ ይቀጥላል፤ ጣዕሙ ግን የፋብሪካው ይሆናል።

ይህን አደጋ የሚያመጣው ጊታሩ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በጊታር ክርን በጣት ገፍቶ ድምፁን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል። የሮክ ተጫዋቾች በዚህ የታወቁ ናቸው። እንዲያውም ከኪቦርድ ይልቅ ጊታር ለክራር ቅርብ ዘመድ ነው። አደጋው ያለው የሚጫወተው ልጅ የሚገፋው ክር ወዴት እንደሚደርስ የሚነግረው የጆሮ ልምድ ሲያጣ ነው። ልምዱ ደግሞ ያለው በሸክላ ላይ ብቻ አይደለም። በደሴ ከነበረው ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠ ሊወጡ የቻሉት በአካባቢው የሚቀኝና የሚያዜም ሰው ሞልቶ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በከሚሴ፣ በባቲና በየገጠሩ መንዙማ የሚያዜሙ፣ ማሲንቆ የሚገዘግዙ፣ በሠርግ ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑ ሰዎች አሉ። ሁሉም ግን እንደ ሰው ያረጃሉ።

ተማሪም ሆነ ደመወዙ የወር አስቤዛ የማይሸፍንለት ጀማሪ ሠራተኛ ለዚህ ምን ሊያደርግ ይችላል ቢባል፣ ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት አይደለም። ቢል ላስዌልን ማስመጣት አይጠበቅበትም። በኪሱ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። አንድ አዛውንት ክራራቸውን ከትዝታ ወደ ባቲ ሲለውጡ፣ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ክሩ ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ድምፅ ጭምር፣ በፈቃዳቸው ቀድቶ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የቅኝቱን ስም ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። የትምህርት ቤት ክበብ ይህን ቢያደርግ፣ የባህል መሥሪያ ቤትም ቢያግዘው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚሰበሰበው ነገር ቀላል አይሆንም። ከዚያ በኋላ ጊታር የሚወደው ልጅ በጊታሩ ይጫወተው፤ ቢፈልግ ነጐድጓድ ያድርገው። ከምን ላይ ተነሥቶ እንደሚያገሳ የሚያውቅ ሰው ማንንም ሲኮርጅ አይገኝም።

በመጨረሻም የባቲን ገበያ ነገር እናንሣ። ከአውሮጳ ጓዶች አንዳንዶቹ የራሳቸውን ዜማ አጥር አድርገው ሌላውን መጥያ እንዳደረጉት ተናግረናል። የባቲ ቅኝት ግን ለአጥር የሚመች አይደለም። ስሟን ያገኘው ሦስት ሕዝብ ቋንቋውን እየቀላቀለ፣ እየተከራከረ፣ እየተሳሳቀ ከሚገበያይባት ከተማ ነው። ኦሮሞው የእኔ ቢል ልክ ነው፤ አማራውም የእኔ ቢል ልክ ነው፤ ከቆላ የመጣውም አፋር ቢዘፍንበት የሚከለክለው የለም። የአንዱ ብቻ ነው የሚል ሰው ከተነሣ ግን ከሦስቱም አንዳቸውን ልክ አላደረገም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከጎረቤት ቤት ጊታር ሲያገሳ የሰማ አባት፣ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ጥቂት ቆም ብሎ ያድምጥ። ልጁም ድምፁን ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ አባቱ በወጣትነታቸው የሚወዱትን ባቲ እንዲያንጎራጉሩለት ይለምን። ስልኩንም ለመቅዳት ያዘጋጅ።